ዓሣ ገንዳ ላይ ጨረቃ ማውጣት፦ ሰማያዊ ኤልኢዲ ከድሮ ቻርጀር

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሻማው ሲያልቅ ልተኛ ብዬ ስነሳ ዓይኔ ሳሎኑ ጥግ ያለው የዓሣ ገንዳ ላይ ተተከለ። ጨረቃ በመስኮቱ አዘንብላ ገብታ ውሃው ላይ አርፋለች። ቀን ቀን አንድ ቦታ የማይረጉት ትንንሾቹ ዓሦች፣ ጋፒዎች፣ ባሉበት ቆመዋል፤ ክንፋቸው ብቻ ቀስ ብሎ ይርገበገባል። ቀን ላይ ከእንጨቱ ሥር የማይወጣው ፕሌኮ የሚባለው ዓሣ ደግሞ አፉን የፊቱ መስታወት ላይ ለጥፎ እየላሰ ይወርዳል። ከገዛሁት ስድስት ወር አልፎት ነበር። ሆዱን በደንብ ያየሁት ግን ያን ማታ ነው።

በማግስቱ መብራት መጣ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ቅዳሜ መርካቶ ሄጄ አንድ ሜትር ሙሉ ሰማያዊ ስትሪፕ መብራት ገዛሁ። ክዳኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ለጠፍኩት። ሲበራ ሳሎኑ ሰማያዊ፣ ጣሪያው ሰማያዊ፣ እኔም ሰማያዊ። ጠዋት ደረጃ ላይ ያገኙኝ አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ ምነው ቤትህን ግሮሰሪ አደረግከው?" አሉኝ። እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ዓሦቹ ግን ሌሊቱን ማጣሪያው ጀርባ ተሸጉጠው ማደር ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። ነቅዬ ጣልኩት።

አሁን ያለው የጨረቃ መብራት ሦስተኛው ሙከራዬ ነው፤ ከዓመት በላይ ሠርቷል። ግማሹ ዕቃ ከቤት ኮተት የተለቀመ ነው። አሠራሩን ከነስህተቶቼ ልንገራችሁ።

ጨረቃ ደብዛዛ ናት

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ሙሉ ጨረቃ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ሆና እንኳ ምድር ላይ የምታሳርፈው ብርሃን ከ0.3 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ብዙ አያልፍም። ማታ መብራት የበራበት ሳሎን 100 ሉክስ አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ በመቶዎች እጥፍ ነው። እኔ የለጠፍኩት አንድ ሜትር ስትሪፕ ጨረቃ ሳይሆን የመንገድ መብራት ነበር ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ መብራት የሚሠራው በዋናነት ለእኛ ነው። ዓሣ ያለ እሱም ይኖራል። እንዲያውም ጨለማ ያስፈልገዋል። የቤት ዓሦች የዓይን ቆብ የላቸውም፣ ዓይናቸውን ከድነው አይተኙም። ብርሃን በዝቶ ካደረ እንቅልፍ የለም። ለእነሱ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ትልቁ መብራት ድርግም ብሎ ሲጠፋ አንዳንዶቹ ደንግጠው ይፈተለካሉ፣ ከመስታወትና ከድንጋይ ይጋጫሉ፣ ክዳን ከሌለ ዘለው ይወጣሉ። ደብዛዛ መብራት ቀድሞ ከበራ ያ ድንጋጤ ይቀንሳል።

ሰማያዊ ለምን ሆነ ካላችሁ፣ ጨረቃ ራሷ ሰማያዊ አይደለችም። ብርሃኗ ከፀሐይ የተንጸባረቀ ነው፣ ትንሽም ወደ ቀይ ያደላል። በደብዛዛ ብርሃን የእኛ ዓይን ለቀይ ይደክማል፤ ሰማያዊና አረንጓዴውን ግን በተሻለ ያያል። ስለዚህ ሌሊቱ ሰማያዊ ይመስለናል። ውሃም ቢሆን ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጣል፣ ሰማያዊውን ወደ ጥልቁ ያሳልፋል። ስለዚህ ዓይናችን ቢታለልም ነገሩ ያምራል። ሰማያዊ ኤልኢዲን፣ ያችን ትንሽዬ አምፖል፣ በቀላል አትዩት ደግሞ። ቀዩና አረንጓዴው ከተሠሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው በብዙ ልፋት የተገኘው። ሦስቱ ጃፓን ተወላጅ ሊቃውንት፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በዚህ ሥራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። እኛ ዛሬ በሳንቲም ቆጥረን እንገዛዋለን።

የሚያስፈልገው ኮተት

60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ገንዳ፣ ማለትም 60 ሊትር አካባቢ ለሚይዘው፣ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 5 ሚሊ ሜትር ሰማያዊ ኤልኢዲ ይበቃል። አሥር አትግዙ። ልትገዙ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ሁሉንም አትስቀሉ።

የድሮ የስልክ ቻርጀር ያስፈልጋል፣ ያ ጫፉ ሰፋ ያለው ዩኤስቢ የሚሰካበት። ባለ 5 ቮልት ነው። ስልኩ በኩል ያለው ጫፉ የተበላሸ ኬብልም ፈልጉ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ይገኛል። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ አንድ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ግዙ። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ከ220፣ ከ470 እና ከ1,000 ኦም ጥቂት ጥቂት ያዙ። ለምን እንደሆነ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ሌላው፦ ፒንሳ፣ ምላጭ፣ ናስትሮ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ከተገኘ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)። ሁለት ሦስት የሃይላንድ ክዳን። አንድ ቱቦ ነጭ ሲሊኮን፣ ቀለም የሌለው ማለቴ ነው። ሲሊኮኑ ላይ ጥንቃቄ አለ፣ እመለስበታለሁ።

ሶልደር ማድረግ፣ ማለትም ሽቦን በቀለጠ ብረት ማጣበቅ፣ የማትችሉ ሰፈር ውስጥ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። የእኔ ጠጋኝ ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም። "ለዓሣ?" ብሎ ትንሽ አየኝና ሥራውን ቀጠለ።

ኬብሉን መግፈፍ

ስልኩ በኩል ያለውን ጫፍ ቁረጡትና የላይኛውን ላስቲክ በምላጭ ቀስ ብላችሁ ግፈፉ። በዚህ ጊዜ ኬብሉ ምንም ላይ መሰካት የለበትም። ውስጡ ብዙ ጊዜ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቀዩ ፖዘቲቭ ነው፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ። አረንጓዴውና ነጩ መረጃ የሚያመላልሱ ናቸው፣ ለእኛ አይጠቅሙም። እነሱን አሳጥራችሁ ቁረጡና እርስ በርስ እንዳይነካኩ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሏቸው።

ርካሽ ኬብል ላይ ግን ቀለሙን አትመኑ። ጥቁሩ ፖዘቲቭ የሆነበት አጋጥሞኛል። ጫፎቹን አራርቃችሁ ከያዛችሁ በኋላ ሰክታችሁ በቴስተር ለኩ፤ 5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካመጣ ሽቦዎቹን አገላብጣችሁ ይዛችኋል ማለት ነው። ለክታችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት።

ሬዚስተሩ፣ ማለትም የጨረቃዋ ልክ

አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት ቦታ እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይ።

ሰማያዊ ኤልኢዲ ለመብራት 3.2 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ቻርጀሩ 5 ይሰጣል። የተረፈውን 1.8 ቮልት የሚውጥለት ካላገኘ ኤልኢዲው ከአቅሙ በላይ ይጠጣና ይቃጠላል። ሬዚስተሩ የሚገባው ለዚህ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የተረፈውን ቮልት ለሬዚስተሩ ኦም ማካፈል። 1.8 ለ220 ሲካፈል 8 ሚሊ አምፔር ገደማ ይሆናል። ለ470 ሲካፈል ከ4 ትንሽ ያንሳል። ለ1,000 ከሆነ 1.8 ብቻ።

ኤልኢዲው የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 20 ሚሊ አምፔር ነው። ሻጩም "20 ነው የሚሸከመው፣ ሙሉውን ስጠው" ይላችኋል። አትስሙት። እኛ የምንፈልገው ብዙ ብርሃን አይደለም። እኔ በ220 ጀመርኩ፣ በዛብኝ። 470 አደረግኩት፣ አሁንም በዛ። አሁን ሦስቱም ላይ ያለው 1,000 ነው። የዛሬ ኤልኢዲዎች ጎበዞች ስለሆኑ በዚያችም ይበራሉ። ገንዳችሁ ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው 470 ይሻላችሁ ይሆናል።

ሬዚስተሩ ላይ ቁጥር አልተጻፈም፤ የቀለም ቀለበት ነው ያለው። ከወርቃማው ተቃራኒ ጫፍ ጀምራችሁ አንብቡ። 220 ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ ነው። 470 ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ። 1,000 ደግሞ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ማታ በደካማ መብራት ቡናማውና ቀዩ ስለሚመሳሰሉ ቀን ላይ ለዩአቸው።

አሁን ማገናኘት። ኤልኢዲው ሁለት እግር አለው፣ ረጅሙ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ኔጌቲቭ። እግሩ ከተቆረጠ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱ፤ በአንድ በኩል ጠፍጠፍ ያለበት ኔጌቲቩ ነው። የሬዚስተሩን አንድ ጫፍ ከረጅሙ እግር ጋር ሶልደር አድርጉ። ሌላውን ጫፍ ከቀዩ ሽቦ። አጭሩን እግር ከጥቁሩ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ሬዚስተር ጋር። "አንድ ሬዚስተር ለሦስቱም" የሚል ብልጠት አይሠራም፤ ኤልኢዲዎቹ እኩል ስለማይካፈሉ አንዱ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል።

የሶልደሩን ብረት እግሩ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ አታቆዩ። ሙቀቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሉ።

ገንዳው አጠገብ ሳትደርሱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ምሽት አብሩት። አንድ ሰዓት ከበራ በኋላ ሬዚስተሩን ብትነኩት ሙቀቱ ሊሰማችሁ አይገባም። ከሞቀ የተሳሳተ ቀለበት አንብባችኋል።

የሃይላንድ ክዳን

ኤልኢዲውን ራቁቱን ክዳኑ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ይንከባለላል፣ እርጥበት ይገባበታል፣ ብርሃኑም ወደ ዓይናችሁ ይረጫል። ለዚህ እስካሁን ከሃይላንድ ክዳን የተሻለ አላገኘሁም።

ምስማር በምድጃ አግላችሁ የክዳኑን መሃል ብሱ። ኤልኢዲውን ከጀርባ አስገቡት፤ እግሮቹ ወደ ላይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ክዳኑ ውስጥ ይዙር። ከመግባቱ በፊት ጭንቅላቱን በብርጭቆ ወረቀት ሃያ ሠላሳ ጊዜ አሹት፤ ጭጋግ የያዘ ይመስላል። ጥርት ያለ ኤልኢዲ እንደ ባትሪ መብራት አንድ ጠባብ ክብ ይሠራል። ሲታሽ ብርሃኑ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል።

ከዚያ የእግሮቹን ቀዳዳ በሲሊኮን ድፈኑ። ሬዚስተሩም መጋጠሚያውም አብሮ ይደፈን፣ አንድም መዳብ አይታይ። ክዳኑን ሙሉ ለሙሉ አትሙሉት፤ ጭንቅላቱ ፊት ያለው ባዶ ይሁን።

የሲሊኮኑ ጉዳይ እንዲህ ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጡት ብዙዎቹ ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት አለባቸው። ያ መድኃኒት ዓሣንም አይምርም። ቱቦው ላይ ሻጋታ ይከላከላል የሚል ካያችሁ መልሱት። ንጹሑ ሲሊኮን ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ፤ እኔ 48 ሰዓት ሰጥቼዋለሁ።

ለምን ይሄን ሁሉ ጥንቃቄ? ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ ኤልኢዲዎቹን በሚቀልጥ ሙጫ ከክዳኑ በታች ለጥፌያቸው ነበር። እንፋሎቱ ሙጫውን አላቀቀው። ጠዋት ስነሳ አንዱ ኤልኢዲ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሽቦው ጫፍ እንደ ለስላሳ መጠጥ ያለ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። መዳቡ ጠቁሮ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። 5 ቮልት እጅ አይነዝርም፤ መዳብን ግን ውሃ ውስጥ ያሟሟል። መዳብ ደግሞ በትንሽ መጠን እንኳ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገድላል፣ ለዓሣም መልካም አይደለም። ያን ቀን ሥራ አርፍጄ ውሃ ስቀይር ዋልኩ።

ስለዚህ ከመስታወት ክዳኑ በላይ እንጂ በታች አታድርጉ። ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ይገባል። የሃይላንዱን ክዳን አፉን ወደ መስታወቱ ደፍታችሁ አስቀምጡና ጠርዙን በሦስት ነጥብ ሲሊኮን ያዙት። ሙሉ ዙሩን ካልለጠፋችሁት አንድ ቀን በምላጭ ማንሳት ትችላላችሁ።

የት ይቀመጥ?

ሦስቱንም በእኩል ርቀት አትደርድሩ። ስትሪፕ መብራትን የሚያስጠላው ይኸው ነው፤ ከየቦታው እኩል ስለሚያበራ ጥላ አይኖርም፣ ውሃው ቀለም የተነከረ ይመስላል። ጨረቃ አንድ ናት፣ ከአንድ አቅጣጫ ነው የምታበራው።

እኔ ሁለቱን በግራ በኩል አቀራርቤ አስቀመጥኳቸው፣ ከፊት መስታወቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ አድርጌ። ሦስተኛው ብቻውን ቀኝ ጥግ፣ ከእንጨቱ በላይ ነው። ከኋላ ግድግዳው አጠገብ ካደረጋችሁት ዓሦቹ ጥቁር ጥላ ሆነው ይታያሉ። ከፊት ሲሆን ቅርፊታቸው ላይ ብልጭ ይላል። የቱ እንደሚያምር የእናንተ ምርጫ ነው። ሲሊኮኑን ከመቀባታችሁ በፊት ግን አንድ ማታ እያዟዟራችሁ እዩ።

የማጣሪያው ውሃ የሚወርድበት አካባቢ አንዱን ብታስጠጉት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ውሃው ሲንቀጠቀጥ ብርሃኑ ተሰባብሮ አሸዋው ላይ እንደ መረብ ይንቀሳቀሳል። ይህ የሚሆነው ብርሃኑ ከአንዲት ነጥብ ሲመጣ ብቻ ነው። ሳሎኔ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

መጠኑን ለመፈተን የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፉና አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ገንዳው አጠገብ ሆናችሁ ጋዜጣ ያዙ። ፊደሉ ከተነበበ በዝቷል። የዓሣው ቅርጽና እንቅስቃሴ ታይቶ ቀለሙ ካልለየላችሁ ልክ ነው። ደግሞ አንዳንድ ዓሣ ማታ ቀለሙ ስለሚደበዝዝ "ታመመብኝ" ብላችሁ አትደንግጡ። ኒዮን ቴትራ ጎልቶ ይታይበታል፤ ጠዋት ይመለስለታል።

ውሃና 220 ቮልት

ኤልኢዲው ጋ የሚደርሰው 5 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ግን ግድግዳው ላይ ያለው 220 ላይ ተሰክቷል። አደጋው እዚያ ነው። ቻርጀሩም ዲቫይደሩም ከገንዳው በላይ ወይም ከሥሩ መሬት ላይ አይቀመጡ። ወደ ጎን ይራቁ፣ ከመሬትም ከፍ ይበሉ።

ገመዱ ከገንዳው በቀጥታ ወደ ሶኬቱ አይውረድ። መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠልና ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ፣ የ"ሀ" ፊደልን ቅርጽ ይዞ። ውሃ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ከመጣ ከሀው ሆድ ላይ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። የማጣሪያውና የማሞቂያው ገመድም እንደዚሁ ይሁን።

እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ስም የለሽ ርካሽ ቻርጀር ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሁን፤ ኤልኢዲው ምንም አይጠጣበትም፣ ግን ቻርጀሩ በየቀኑ ለሰዓታት እንደተሰካ ነው የሚቆየው።

ሰዓቱ

ሌሊቱን ሙሉ አይብራ። ዋናው መብራት በቀን 8 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ጨረቃዋ ዋናው ከመጥፋቱ 15 ደቂቃ ቀድማ ትብራና ልትተኙ ስትሉ ትጥፋ። የእኔ ቤት ዋናው ማታ 2 ሰዓት ይጠፋል። ጨረቃዋ ከ1 ሰዓት ከ45 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ናት። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድቅድቅ ጨለማ። ገንዳው መኝታ ክፍል ከሆነ ቀደም ብላችሁ አጥፉት፤ ሰማያዊ ብርሃን የሰውንም እንቅልፍ ያውካል።

ይህን በእጅ ማድረግ ይቻላል፣ ለአንድ ሳምንት። ከዚያ ትረሳላችሁ። ሰዓቱን ጠብቆ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ግዙ።

ሁለት ዓይነት አለ። ክብ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ እያንዳንዱ ጥርስ 15 ደቂቃ የሆነው ርካሹ ነው። ላዩ ላይ ከ0 እስከ 24 ተጽፏል፣ በፈረንጅ ሰዓት። የእኛ ማታ 2 ሰዓት እዚያ ላይ 20 ነው፤ 4 ሰዓት ተኩል 22 ተኩል ነው። እኔ መጀመሪያ 2 ላይ አስተካክዬው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓሦቼን ቀሰቀስኳቸው።

የዚህ ታይመር ሌላው ጣጣ ደግሞ ያው የመብራት ነገር ነው። የሚዞረው በመብራት ነው። መብራት ሦስት ሰዓት ከጠፋ እሱም ሦስት ሰዓት ይቆማል። ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። የእኛ ሰፈር ደግሞ ታውቁታላችሁ። በሳምንቱ ጨረቃዋ ከምሳ በኋላ ትወጣለች። ዲጂታሉ ውስጡ ትንሽ ባትሪ ስላለው ሰዓቱን አይስትም። ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ እሱን ግዙ። ደግነቱ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ምሽት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ክረምት ከበጋ እያላችሁ መቀያየር የለባችሁም።

መብራት ሲጠፋ

ዩኤስቢ ስለሆነ ፓወር ባንክ ላይ ይሰካል። ብልህ ሐሳብ ይመስላል። ችግሩ ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወጣው ኃይል በጣም ትንሽ ሲሆን "ስልኩ ሞልቷል" ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሦስት ኤልኢዲ በ1,000 ኦም 6 ሚሊ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ለእነሱ እንደ ምንም ነው። ለአነስተኛ ዕቃ የሚሆን ማስተካከያ ያላቸው አንዳንድ አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ሁለቴ ሲጫኑት የሚሠራ።

ግን ባትሪ ካላችሁ ለመብራቱ አትስጡት፣ ለአየር ፓምፑ ስጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሌሊት ዕፅዋቱም ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ገንዳው ዓሣ ከበዛበት መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። በጨረቃ እጦት የሞተ ዓሣ አላውቅም። በአየር እጦት የሞቱብኝ አሉ።

ሶልደር አልወድም ለምትሉ

ስትሪፑ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ አንድ ሜትር ማድረጌ እንጂ። ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ በየሦስት ኤልኢዲው መቁረጫ መስመር አለው፣ የመቀስ ምልክት ያለበት። አንዲት ቁራጭ ብቻ ቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ናት። ከ12 ቮልት ይልቅ በ9 ቮልት አዳፕተር ብታበሯት ደብዝዛ የምትፈልጉትን ትመስላለች። ሦስቱ ኤልኢዲ ተከታትለው ስለተያያዙ በ9 ቮልት የሚበሩት ለጥቂት ነው።

የድሮ ሞደም ወይም ሬዲዮ አዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ ክብደቱን እዩ። ያ ከበድ የሚለው፣ ውስጡ መዳብ የተጠመጠመበት፣ 12 ተብሎ ተጽፎበት ብዙ ሥራ ሳይኖርበት 15 እና 16 ሊሰጥ ይችላል። ለክታችሁ እመኑ። የተቆረጠውንም ጫፍ በሲሊኮን ድፈኑ፤ ውሃ አያስገባም የሚባለው ስትሪፕ ከተቆረጠ በኋላ ያስገባል።

ከዚያ በኋላ

በወር አንዴ ክዳኑን አንሱና ከታች በኩል ያለውን ነጭ ቅርፊት ጥረጉ። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ሰፈር ከሆናችሁ ቶሎ ይይዛል። የተቆረጠ ሎሚ አሹበት፣ አጥቡት፣ አለቀ። አረንጓዴ ነገር መስታወቱ ላይ ከበዛ መጀመሪያ የዋናውን መብራት ሰዓት ቀንሱ፤ ካልቀነሰ የጨረቃዋን። ይህ አረንጓዴ ነገር፣ አልጌ፣ ሰማያዊ ብርሃን ይወዳል። በስልክ ፎቶ ስታነሱ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ጭቃ ከሆነባችሁ ኤልኢዲው አልተበላሸም፤ የካሜራውን ብርሃን ዝቅ አድርጉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጨረቃ ከሙሉ ወደ ሙሉ ለመመለስ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል። ይህንን የሚከተል፣ በየቀኑ ራሱ የሚደምቅና የሚደበዝዝ መቆጣጠሪያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ፣ ለሚያረቡ ሰዎች ትርጉም አለው፤ ባሕር ውስጥ ብዙ ኮራሎች ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉት ሌሊቶች ነው የሚዋለዱት። ለጋፒ ግን አልደከምኩበትም። እኔ የማደርገው በወር አንድ ሁለት ማታ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን ቻርጀሩን እነቅልና መጋረጃውን እከፍታለሁ። ፕሌኮው ለየትኛዋ እንደሚወጣ ግድ የለውም።